የጋኑ ክዳን

ቅዳሜ ገበያ፣ ከጋን ሻጮቹ ዘንድ፣
«አሮጌ ሸክላ አለሽ?» አልኳት እንደ ልማድ።
ጥሩአየሁ ሳቀች፤ «አሮጌ ማን ገዛ?
አዲስ ነው፣ ከወለቃ፤ አሽትተው የአፈሩን መዓዛ።»
«አይ፣ የሚዘፍነውን…» ስላት ጣቴን ባየር ሳዞር፣
«እሱማ ቤቴ አለ፣ ጋን ከድኖ ነው የሚያድር።»

ሰዓት አዳሽ ነኝ፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ።
ቀን የሰው ሰዓት አዞራለሁ፣ ማታ ማታ ሸክላዬን፤
ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት ናቸው፣ አጣበውታል አልጋዬን።
«ሠለስቱ ምዕት ሊሞሉ አንድ ቀራቸው» ትላለች ሚስቴ፣
ስመኝ፣ እየሳቀችብኝ በገዛ ቤቴ።

ሮክ ነው የምለቅመው፤ እሱም የፊተኛውን እትም፤
ኋላ የተገለበጠው ቢያብረቀርቅም ለእኔ አይጥም።
መርፌ ዘፈኑን ጨርሶ፣ ዞሮ ዞሮ፣
ዝም ብሎ ከሚዋኝበት ጠርዝ፣ ቁጥር አለ በእጅ ተጭሮ፤
ልክ ብራና ጸሐፊው መጽሐፉን ፈጽሞ ሲያበቃ
«ጸልዩልኝ» ብሎ ስሙን ከኅዳግ እንደሚተው በደቃቃ።

ቤቷ ሄድኩ። ጋኑ ጥግ ቆሟል፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ፤
ጥቁሩ ክብ ከጭቃው መሐል ጠርዙን ትንሽ ወጣ አድርጎ።
«የባሌ ወንድም የጤና ኮሌጁ ዘበኛ ሳለ፣
አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ትቶለት ሄደ። ማጫወቻው ግን የታለ?»
«ስጪኝ» አልኳት።
«ጠላው ሳይደርስ? ምን ልክደንበት? እጄን?
ክዳን አምጣና ውሰደው።»

ስምንት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።
በስምንተኛው፣ ያንኑ አልበም፣ ድጋሚ የታተመውን፣
አዲስ አበባ ሄጄ በደመወዝ ያህል የገዛሁትን፣
ለልጄ እንኳ ያላስነካሁትን፣
ከነላስቲኩ ይዤላት ሄድኩ።
ለካችው፤ ከጋኑ አፍ ላይ ልክክ አለ።
«ያንተው ይሻላል» አለች፣ «አልተጣመመ፣ አልጎደለ።»

በእርጥብ ጨርቅ ጠርዙን ጠረግሁ።
ቁጥሩ አለ። የሰው እጅ ነው።
አንደኛውን ፊት ጭቃ በልቶታል፤ ሁለተኛው ግን ይዘፍናል፤
ጊታሩ ዳገት ይወጣል፣ ደግሞ ቁልቁል ይንሸራተታል፣
ዘፋኙ ቃሉን ይጎትታል፣ ከበሮው ግድግዳ ይደገፋል።
ስመኝ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፣ እጇን እያደረቀች፤
«ይሄስ ጠጥቶ ነው የመጣው» አለች፣
አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ዘፈኑ አለቀ። መርፌው ከዝምታው ጠርዝ ደረሰ።
ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።
ላነሣው እጄን ስሰድ ያዘችኝ፤
«ተወው፣ ትንሽ ይዙር።»