የሳቅ ዋጋ

ጉንቮር ፖስታ ታድላለች፣ ከኪሩና ማዶ፣
መንገዱ መስታወት፣ ጎረቤቱ በረዶ።
ትናንት መኪናዋ በብርድ ደርቆ አልነሣ አለ፤
ዛሬ ስቱሬ ደጅ ናት፣ ያገለገለ ካለ።

"ቀዩን ውሰጂ፣ እሳት ነው!"
"እሳቱ ምን ሊረባኝ፣ የኋላ እግሩ ብቻ ከገፋ፣
ዳገት ወገብ ላይ ፖስታዬን ሊደፋ?"

ግራጫውን፣ ጀርባ ረጅሙን፣ ዞረችው በጥርጣሬ፤
ተንበርክካ ሆዱን ስትዳብስ
ዝገቱ ጓንቷ ላይ ረገፈ፣ እንደ ደቀቀ በርበሬ።
የኋላ ወንበሩን አጠፈች፤ አካፋው፣ ሸርተቴው፣ ሦስት ከረጢት ገባ፤
ውሻዋም ዘሎ ተጋደመ፤ ውረድ ብትለው፣ ጆሮ ዳባ።

ፊቷ ግን ድንጋይ። "አምስት ሺህ ቀንስ፤ ዝገቱን አይተሃል።"
ቁልፉን ወረወረላት፦ "ንጂው መጀመሪያ፤ ሐይቁ ረግቷል።"

በአራቱም እግሩ ቧጦ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጨዋ።
መሀል ላይ፣ ማን ያየኛል ብላ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤
ዞረ፤ ደገመ፤ ጥዱና ጨረቃው ተምታቱ፤ አመለጣት ሳቋ።
የረጋ ሐይቅ ሚስጥር አይቋጥርም።

ተመልሳ ወረደች፤ ፊቷ ዳግም ድንጋይ፦ "አምስት ሺህ!"
ስቱሬ ጢሙ ላይ የቆመውን ውርጭ ጠረገ፦
"ለዝገቱ ሺህ ክሮና ልቀንስልሽ፤
ለሳቁ ሺህ ጨምሪልኝ።"

ውሻው ከኋላ አዛጋ።
ቦርሳዋን ፈታች።