ጅማት

ሳጥኑ ሲመጣ ሐምሌ ነበር፤
አዌቱ ሞልቶ፣ ባጃጅ በጭቃ ሲቸገር።
በጥገና ክፍላችን በር
ነዚፍ ምስማሩን በጉጠት ነቅሎ ነቅሎ
ላቡን በክንዱ ጠርጎ
«ከኖርዌይ ነው» አለ።
(ይህን «አለ» አላሉት። የሚጠብቀው በኋላ ይመጣል።)

የጨቅላ ማሞቂያ ነው።
መስታወቱ ደህና፣ ገመዱ ደህና፤
ከጎኑ ግን አንድ ቃል
እንደ ሰርዶ የተሳበ፣
ክፍተት የለው፣ ሰረዝ የለው፣
ሃያ አራት ፊደል በአንድ ትንፋሽ።

ነዚፍ በቁቤ ነው የተማረ፤
ፊደሎቹን አንድ ባንድ ያውቃል፤
የሚቆረጡበትን ግን ከየት ያምጣው?
«ኒፍ» አለ። «ኦድ»። «ቲን፣ ተን፣ ሲ፣ ቫቭ...»
ብልት እንደማያውቅ ሥጋ ቆራጭ
መገጣጠሚያውን ስቶ አጥንቱን መታ፤
ቃሉ ተሰባበረ እንጂ አልተፈታ።

ታደሉ ከልብስ እጥበት
አንሶላ ታቅፋ ስታልፍ ቆመች።
«እስቲ ድገመው» አለች።
በልጅነቷ አንዲት ኖርዌያዊት ነርስ ቤት
ሰባት ዓመት አገልግላለች፤
ጆሮዋ ያውቃል፣ ዐይኗ አያውቅም፤
ፊደል የሚባል፣ የኛንም የእነሱንም፣ አልቆጠረችም።

«ኒፍ አይደለም፤ ኒ።
ኢ በል፤ ከንፈርህን ግን ኡ እንደሚል አሹለው።»
ነዚፍ ሾርባ የሚያበርድ ሰው መሰለ።
«ኒ። አዲስ ማለት ነው። አሁን ፎት፤
አፍህ ኦ ይምሰል፣ ውስጡ ኤ ይሁን።
የተወለደ።
አትሩጥ፤ እዚህ ጋ እረፍ።
ኢን፣ ተን፣ ሲቭ፤ ይሄን ሐኪሞቹም ይሉታል።
አቭ፣ ዴ፣ ሊንግ፤ ክፍል።
ጫፍ ላይ ያለችው ኤን
ክፍል ብለን ክፍሉ እንደምንለው፣ ጭራ ናት።»

ኒ-ፎት-ኢን-ተን-ሲቭ-አቭ-ዴ-ሊንግ-ኤን።
ዘጠኝ እርምጃ።
በፕላስተር ላይ ጻፍኩት፣ በየእርምጃው ሰረዝ፤
ጎኑ ላይ ለጠፍኩት።
እሷ ማንበብ ባትችልም
ጣቷን በየሰረዙ እያሳረፈች ሄደችበት።

መመሪያው ሽፋን ላይ ሌላ ቃል አለ።
(ይሄኛው ይጠብቃል። ሲጠብቅም ቆይቷል።)
ነዚፍ ተንደርድሮ፦ «ብሩክ... ብሩክ ሳን...»
ከራጅ ክፍል ብሩክ «አቤት!» ብሎ ብቅ።
ታደሉ የሳቋን እንባ በአንሶላው ጠረገች።
«ስን ወደ ኋላ መልሳት። ብሩክስ።
ከዚያ አን፣ ቪስ፣ ኒንግ። የአጠቃቀም ማሳያ።»
«ስ ራሷ ምን ማለት ናት?»
«ምንም። ሁለቱን ትይዛለች።»

«ጅማት ናታ!» አልኩ፣ ጅማ ተቀምጬ፣
ለዚያውም በርጩማዬ ላይ፤
ሦስት እግሩ ያለ ምስማር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ።
ቃሉም እንዲያ መስሎን ነበር።
ለካ የመዋዕለ ሕፃናት ሰልፍ ነው፤
አስፋልት ለመሻገር
እጅ ለእጅ የተያያዘ።

ሊመሽ ሲል ነዚፍ
«በነሱ አፍ ምስጋና እንዴት ነው?» አላት።
«ታክ። አጥብቀው። ከላላ ጣራ ነው።»
በኛ ፊደል ሁለቱም ያው፤
እሱ በቁቤ መዳፉ ላይ ደርቦ ጻፈው፣
አንዱን በአንዱ ላይ፣
አፉ ላይ ሲደርስ ግን ላላበት።
ታደሉ ቀና ብላ ጣራውን አየች።

እውነትም ያፈስ ነበር።
ማሞቂያውን ሁለት ክንድ ገፋነው።