አንድ አየር ለሦስት

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
መጣ አይሉትም፣ ሄደም አይባልም።
ጣሪያው ሌት ተቀን ያወራል፣
የሳንቃው ግድግዳ ሽበት ያበቅላል፤
የኤርሲራ ውሃ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጎርፍ መሃል፣
በሻይ ማንኪያ ይሰፈራል።

ማሽኗ የሞተ ፍሪጅ ነው፣ በሩ በገመድ ታስሮ፤
አንድ አምፖል፣ አንድ ማራገቢያ ካሮጌ ኮምፒውተር ተበድሮ።
ሦስት መደርደሪያ፣ የሦስት ሰኞ አደራ፣
እንቁላሉ ሰማያዊ፣ እንዳገሩ ዶሮ ሥራ።
በእርሳስ ምልክት አላቸው፦ መስቀል፣ ክብና ጭረት፤
መስቀሎቹ አሥራ ስምንት ቀን፣ ክቦቹ አሥራ አንድ፣ ጭረቶቹ አራት።

ሊወጣ የተቃረበው ውሃ ውሃ ይላል፣
ስሱ ሽፋን ሲደርቅበት ምንቃሩ ይታሰራል።
ገና የሚቆየው ዕጣው ጥቂት በጥቂት መክሳት፣
ላቡን በቅርፊቱ መትፋት፣ የትንፋሽ ኪሱን ማስፋት።
ቤቱ አንድ፣ አየሩ አንድ፤
ለማን ትፍረድ?

ካቻምና ለታላላቆቹ አዝና ሳህኑን ሞልታው ነበር።
እነሱ ወጡ፤ ታናናሾቹ ቀናቸው ሲደርስ ቀሩ በነበር።
አንዱን ሰብራ አየችው፤ ላባው፣ ጥፍሩ የተሟላ፣
ሰጥሟል፣ እፍኝ እንኳ በማትሞላ
ባሕር።

አምና ሳህኑን ደረቅ ተወችው።
አንዱ ቅርፊቱን ነቁሮ ሌሊቱን ሙሉ ጠራት፤
ሲነጋ ድምፁ የለም፣ ሽፋኑ እንደ ብራና ደርቆ ጠፍሮት።

ቤላርሚኖ ከዛጎል እርሻው ረጥቦ ገባ፣ ቡትሱን እየጎተተ።
"ጨምሪላቸው እንጂ፣ ምን ይጎዳል?"
"ለየትኞቹ?"
ዝም አለ።
"ኤላዲዮንና ሚርታን በስንት ሕግ ነበር ያሳደግናቸው?"
"ባንድ ሕግ!" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።
መልስ አልሰጠችውም። ሚዛኑ ላይ አንድ ጭረት አኖረች፦
ሲገባ ሃምሳ ስድስት ግራም፣ ዛሬ ሃምሳ አራት ተኩል።
"ደህና ነው" ብላ በካላንደሩ ጀርባ ጻፈች።

በዚያው ማታ የሳልሞን መጫኛ ፎም ሳጥን አጥባ አመጣች፣
የመኝታ ቤታቸውን አምፖል ፈታች፣
ስፖንጅ አርሳ ከጎን አስቀምጣ መስቀሎቹን ብቻ አዛወረች።
ፍሪጁ ከነድርቀቱ ቀረ።
ሦስት ሌሊት ባልና ሚስት በጨለማ ተኙ፤
እሱ ከቁም ሳጥኑ ጋር እየተላተመ፣
"ለጫጩት ብርሃን፣ ለኔ ግንባሬን" እያለ።

በሦስተኛው፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሁን ሲብስበት፣
ከሳጥኑ አንድ ቀጭን ድምፅ።
እየዳበሰ ሄዶ ተንበረከከ። ክዳኑን ሊያነሳ ሲል
"ተው፣ አትክፈተው" አለችው ከአልጋዋ፤
"እርጥበቱ የራሳቸው ትንፋሽ ነው። ስትከፍተው ይሸሻል።"
እጁን ሰበሰበ።
ጉልበቱ ወለሉ ላይ እስኪደነዝዝ ቆየ፣
ቆየና፦
"ኤላዲዮ... እዚያ ፑንታ አሬናስ፣
አሁን ተኝቶ ይሆን?"

ፍሪጁ ውስጥ ክቦቹ አሥራ አራት ደፈኑ።
ሳህኑ ደረቅ ነው።