መልስ

ዱርቤቴ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጣራው በንፋስ የሚንጫጫ፣
አሥራ አንድ ኮምፒውተር አለን፣ አራቱ የአቧራ መቀመጫ፤
ለሦስት ተማሪ አንድ ማውስ፣ በክርን እየተጋፋን፣
ከመስኮቱ ማዶ የአንሙት ወፍጮ እያደነቆረን።

መምህር ስንሻው ጠመኔውን ጨብጦ፦
"ፋንክሽን ስም የወጣለት ሥራ ነው፤ አንዴ በወጉ ካስተማሩት
ሌላ ጣጣ የለውም፤ አቤት ይላል በስሙ ሲጠሩት።"

እኔም 'ወፍጮ' አልሁት፤ በዚያ ጩኸት ሌላ ስም አልመጣልኝ፤
ቅንፍ ከፍቼ 'ኪሎ' አኖርሁ፣ ጆንያ መስሎ ታየኝ፤
ከሥሩ ፈቀቅ ብዬ፣ አራት ባዶ ቦታ ትቼ፣
ኪሎውን በሦስት ብር አባዛሁ፣ 'ዋጋ' የሚል ስም ሰጥቼ።

ጠራሁት። ሠላሳ ኪሎ ዳጉሳ።
ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ዱብ አለች፤
ባንቺአምላክ በፊደል በፊደሉ "ኖ-ኔ" ብላ አነበበቻት፤
"ማን ናት ደግሞ?" አለ ይርሳው፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት።
ስንሻው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፦
"ምንም ማለት ነው። ወፍጮሽ ፈጭቷል እኮ!
ሒሳቡንም አሳምሮ ያውቀዋል፤
ዱቄቱን ግን ከድንጋዩ ሥር ይዞት ቀርቷል።
'መልስ' በዪው። መልስ ካላልሽው ምን አውቆ ይመልሳል?"

መልስ።
ይችን ቃል የማውቃት ከእናቴ አፍ ነው፦
"አንሙት ዘንድ መልስሽን ሳትቀበይ እንዳትመጪ!"
እሱ ደግሞ፣ ዱቄት የለበሰ ቅንድቡን ሰቅሎ፣
"ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ነይ።"
ስንት ነገ አለፈ!

አንድ መስመር ጨመርሁ። ዳግመኛ ጠራሁት።
ዘጠና።
ይርሳው ጠረጴዛውን ሲደልቅ መብራት ድርግም፤
ሰባቱም ስክሪኖች ጨለሙ፣
ማዶም ወፍጮው እያቃሰተ፣ እያዘገመ፣ ዝም።

ከትምህርት ቤት መልስ ጎራ አልሁ።
አንሙት ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መብራት ይጠብቃል።
የበሩ ጀርባ ላይ፣ ብናኙን በእጄ ጠረግ ባደርገው፣
በከሰል የተጻፈ ዝርዝር፦
ትብለጥ፣ አራት ብር።
መሪጌታ ልሳኑ፣ ስድስት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ።
አንድ ስም በክርን የታበሰ።
ከዚያ እናቴ፤ አሥር ከሃምሳ።

"የሰው መልስ ነዋ" አለኝ ሳልጠይቀው፣
"አንዲት ሳንቲም አልጠፋችም።
ሁሉም እዚህ አለ።"

አንድ መስመር ነው የጎደለህ፣ ልለው ፈለግሁ፤
እንዴት ብዬ?
ጣቴን ከእናቴ ስም ላይ አኖርሁና
በስሙ ጠራሁት፦
"ጋሽ አንሙት!"

"አቤት" አለ።