ታርማ በር ላይ ያደረ ሰው

ከሰዓት ነው፤ መሐል ሜዳ፤ አስራ አንደኛ «ለ» ክፍል፤
የመስኮቱ ካርቶን ሲያፏጭ፣ ጠመኔዬ በብርድ ሲዝል፣
«ዛሬ» አልኳቸው፣ «ራሱን በራሱ ስለሚያይ ድርሰት፣
ደራሲው ከተደበቀበት ወጥቶ ‹እኔ ነኝ› ስለሚልበት።»

ዝም። ሸዋቀና አዛጋ።

ትከሻዬ ላይ የጣልኩትን የመንዝ ባና ገለበጥኩ፤
የተቀጠለውን ክር፣ እብጠቱን፣ በየተራ አስነካሁ።
«ሸማኔ ይሄን ይደብቃል፤ የዚህ ዓይነት ጸሐፊ ግን
በግልባጩ ያለብሰናል፣ እንድናይ ቋጠሮውን።»

ከዚያ ጀመርኩ፦ «ጥላዬ የሚባል ነጋዴ፣
ከይፋት በበቅሎ ጨው ጭኖ ሲመጣ፣
ታርማ በር አፋፉ ላይ፣ ጉም ከገደሉ ወጣ…»

እንግዳወርቅ እጇን አወጣች፤ «የበቅሎዋ መልክ ምንድን ነው?»
«ገና አልጻፍኩትም» ብላት፣ «ታዲያ ጨውን ምን ላይ ጫነው?»

ሳቁ። ደወል ተደወለ።
ጥላዬ አንድ እግሩን እንዳነሳ ጉሙ ውስጥ ቀረ።
ልጆቹ ሲበተኑ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ፦
«መምህር፣ ሰውየው የት ይደር? በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጨለማ?»

ቤቴ ገባሁ። ሽሮዬን በላሁ። ፈተና አረምኩ።
ስድስት ሰዓት ሌሊት ባነንኩ።
ቋጠሮው አንገቴን ይቆረቁረኛል፤ ባናውን ገልብጬ ለብሼው ኖሯል፤
እዚያ ማዶ ታርማ በር ላይ፣ አንድ ሰው አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል።

ተረት ነጋሪ ሁሉ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል፤
የመለሰለት አላየሁም፤ አፉ በዳቦ ታብሶ ያልፋል።
እንግዳወርቅ ግን መለሰችው፤ በነጋታው፣ ከደብተር በተገነጠለ ሁለት ገጽ፦

«ጥላዬ መዘዞን አልፎ፣ ሞላሌን አልፎ፣ ሲገሰግስ አድሮ፣
የመምህሩን በር አንኳኳ፣ ጢሙ ላይ ጤዛ ተቋጥሮ።
‹እኔስ የጻፈኝን አገኘሁ፣ ወርጄ ከዚያ አፋፉ፤
አንተንስ የጻፈህ፣ ጌታዬ፣ በየት በኩል ነው ደጃፉ?›»

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። «ሰው»ን በንጉሡ «ሠ» ጽፋዋለች፤
ላርመው ብዬ ተውኩት። ምናልባት ሆን ብላ አድርጋዋለች።

ይህን ግጥም ስጨርስ (ጨርሼ ከሆነ) ወስጄ አሳየኋት።
አነበበች። እርሳስ አወጣች። ከግርጌው እንዲህ ጻፈችበት፦

«ከአስር ሰባት። በቅሎዋ ዳማ ናት። ሰውየውን ግን ረስተውታል፤
ደጅ ነው ያለው፣ መምህር። ይክፈቱለት፤ በርዶታል።»