የላይ ቤቱ ንጉሥ

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
በረዶው መስኮቴን እስከ ወገቡ በላ።
ዊኒፔግ፣ በጥር ወር፣ ሴልከርክ ጎዳና፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳን አልፏልና
መንገዱ ጭር ብሏል፣ መኪናም ተኝቷል፤
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ነጋሪት ተመቷል።

ጠላቴ ላይ ቤት ነው።
ሽማግሌው ኦሌክሳ፣ ጌታው የዚህ ቤቱ፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤
በየወሩ መባቻ ኪራይ ተቀባዬ፣
ደረጃው ሲያዳልጥ «ጨው በትንበት» ባዬ።
የልጅ ልጁ ለገና ሊጠይቀው መጥቶ
ይህን የጦር ጨዋታ፣ ግንብ ከነፈረሱ፣ በኮምፒውተሩ ሞልቶ
ቫንኩቨር ተመለሰ። አያትዬው ነገሠ።
«ና እስቲ ተዋጋኝ» አለኝ አንድ ማታ፤
እኔም ጭሰኛው ነኝ፣ ምን ልበል ለጌታ?

ጣሪያዬ ወለሉ፣ ስስ ሳንቃ ነው ብቻ፤
ሰላይ አያሻኝም ለሱ ጦር ዘመቻ።
ወንበሩ ሲጥ ካለ፣ ፈረስ ጭኖ ሊመጣ፤
ማንቆርቆሪያው ሲጮህ፣ ንጉሡ ሻይ ሊጠጣ፤
በተረከዙ ወለሉን ሲደበድብ፣
እኔ ጥያለሁ ግንብ።

ዛሬም እንደ ልማዴ
ሃያ ገባር ላክሁኝ ድንጋይ እንዲፈልጡ፣
አሥሩን ወደ ማሳ፣ ስንዴ እንዲያመጡ፤
አንዱንም ወንዝ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ ሰደድኩት፣
ጥድ እንዲቆርጥልኝ፤ ሥራ በዛ፣ ተውኩት።
ወርቅ ሲያጥረኝ ጊዜ ቀረጡን ጨመርኩ፣
ገበያ አቁሜ እህሌን መነዘርኩ።
የራሴ ኪራይ እንኳ ሁለት ቀን አልፎታል፤
እዚህ ግን ምስለኔዬ ግብር ይሰበስባል።

ከሌሊቱ ስድስት ላይ ከበሩ ደረስኩ።
መቶ ሃያ ቀስተኛ፣ አርባ ፈረስ፣ ስድስት ድንጋይ ወርዋሪ፤
እጄ ማውሱ ላይ ነው፣ ጣቴ ፊታውራሪ።
የመጀመሪያው ድንጋይ ቅጥሩን ሲነድለው
ጆሮዬን ወደ ጣሪያው አቀናሁ፣ ተረከዙን ልሰማው።

ምንም።

ሁለተኛው ድንጋይ። ምንም።
ቀስተኞቹ ግንቡ ላይ ቆመዋል፤ ቦታ አይለውጡም።
ፈረሶቹ ግጦሹ ላይ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ፤
የሚያዛቸው የለም፤ የሚመታቸው ሲመጣ ይወድቃሉ።
እንዲህ ያለ ድል ላይ እልል አይባልም።
ወንበሩን ጠበቅሁ። ማንቆርቆሪያውን ጠበቅሁ።
ሰው ሰማንያን ሲያልፍ ዝምታው ሌላ ነው።

ጦሬን «ቁም» ብዬ፣ በካልሲዬ ወጣሁ።
ዐሥራ አራት ደረጃ ነው፤ ሦስት ዓመት ስመላለስበት ቆጥሬው አላውቅም።
አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ።
በሩ ክፍት ነበር።

ተኝቷል።
መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣
ከክርኑ አጠገብ የቀዘቀዘ ሻይ፤
ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ተመስገን።

ልመለስ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ወደቀ።
እስከ ዛሬ ጉሙ እሱ መስሎኝ፤
በሱ ካርታ ላይ ግን ጉሙ እኔ ነኝ።
አገሬ፣ ግንቤ፣ ስንዴዬ ሁሉ
አንድ ጥቁር ጥግ ነው፣ ምንም የሌለበት።
ከቅጥሩ ጓሮ፣ ከጥዶቹ መሀል
አንድ የኔ ሰው አለ፤ እንጨት ይቆርጣል።
ያ ወንዝ አሻግሬ የተውኩት ገባር!
ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልጠራው፣
ከማታ ጀምሮ መጥረቢያውን ያነሣል፣ ያወርዳል።
ሽማግሌውም አልገደለው።
አጥር አጥሮለታል፣ ከራሱ እንጨት፣
ፈረሰኞቹ ሲያልፉ እንዳይረግጡት፤
በሩንም በወንዙ በኩል፣ በኔ በኩል፣ ክፍት ትቶለት።

ብርድ ልብሱን ከሶፋው አንስቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ።
ወረድኩ። ዐሥራ አራት።
ጦሬን ከበሩ አንስቼ ወንዙን አሻገርኩ።
ነገ «ፈራህ!» ይለኛል፤ ይበለኝ።
ቆራጩን አልጠራሁትም፤
እዚያ ማንም አይነካውም።

ሊነጋ ሲል ከላይ
ወንበሩ ሲጥ አለ።
ቀስተኞቼን አሰለፍኩ።