የጥጉ ወንበር

ዝናብ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ በሚገባባት፣
ቤቶቿ በእንጨት እግር ባሕር ላይ በቆሙባት፣
በቺሎዬ ደሴት መጻሕፍት እጠብቃለሁ፤
ማን ምን እንደሚያነብ ከሚስቱ በፊት አውቃለሁ።

እዚህ ወሬ ከጀልባ ቀድሞ ወደብ ይደርሳል።
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ለአክስቷ ስትነግር
አክስት ለጎረቤት፤ ከዚያ የማይሰማ ቢኖር
የደወሉ ምላስ ነው፣ እሱም ብረት ስለሆነ።

ማሽኑም ከኛ ተማረ፤ አንዴ ስለ ጫማ
ብትጠይቀው፣ ዓመት ሙሉ ይከተልሃል ሲያማ።

ስለዚህ በጥጉ ወንበር፣ ከካርታው ሣጥን አጠገብ፣
ሽንኩርት የሚሉትን መንገድ ጫንኩ ለሚያነብ፤
ልጣጭ በልጣጭ ላይ፣ ፖስታ በሌላ ፖስታ፣
ሦስት መልእክተኞች፣ እያንዳንዱ በፋንታ፣
ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሰጠ እንጂ
ሙሉውን መንገድ የማያውቅ።

ዓሣ አጥማጁ መጥቶ የሞተር ዋጋ ያያል፣
ደጋግሞ ማየቱ ታውቆ ሳይወደድበት።
ጡረተኛው ፖሊስ ኤሊሴዮ ግን ቆቡን አውልቆ
«ጨለማው ኢንተርኔት ነው አሉ፤ ጠመንጃ ይሸጣል ተደብቆ?»
«ሌባ በቀትርም ይሰርቃል፤ ሕግ እዚህም ሕግ ነው።
እኔ የሰቀልኩት መጋረጃ ነው፤
ያንተ ቤት መስኮት ራቁቱን ነው?»
ሳቀ። ሐሙስ ዕለት ራሱ መጥቶ ተቀመጠ።

ኤዱቪና፣ የባሕር ሣር ለቃሚዋ፣ እጇን ጨው የበላው፣
ማክሰኞ ገባች፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረችው።
ግማሽ ሰዓት። ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፤
አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ ወጣች።

መስኮቱን ስትዘጋው ማሽኑ ሁሉን ረሳ፤
እኔም ጥያቄዬን ዋጥኩ፣ እሾሁ እንዳለ እንደ ዓሣ።

ወደ ፖርቶ ሞንት ብቻዋን በመርከብ ስትሻገር
ከዳቦ ቤት እስከ ወደብ እኔን ያልጠየቀኝ አልነበር፤
«ምን ፈልጋ ነው?»
«አላውቅም» አልኩ።
በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ
ይህ ቃል እውነት ሲሆን የመጀመሪያዬ።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ በማለዳ፣ ከደረጃው ላይ
አንድ ጆንያ ሐምራዊ ድንች፤ ባሏ ነው የተሸከመው።
ዓይኑ ቀልቷል። ነግራዋለች፤
መቼ፣ በየትኛው ቃል፣ ከማን አስቀድማ፣
ያን ራሷ መርጣለች።

ከድንቹ መሃል አንዲት ሽንኩርት አገኘሁ።
ማታ ልጬ ከትፌ ከሾርባው ጨመርኳት፤
ዓይኔ እንባ አቀረረች፤ ምክንያቷን አልጠየቅኳት።